ተመልካች ያጣው ኳሱ ነው ወይስ ልጁ?

ለገና ሲሪንቃ ነበርኩ። ሲሪንቃን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ መርሳን አልፋችሁ፣ ወልዲያ ሳትገቡ የምታገኟት ትንሽ ከተማ ናት። በግብርና ምርምር ማዕከሏ ስሟን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ለእኔ ግን እትብቴ የተቀበረባት፣ ታላቅ ወንድሜ ዛሬም የሚያርሱባት አገር ናት።

በዓሉ ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የወንድሜ ባለቤት እትዬ ቡና አፍልተው ጎረቤቱ ተሰብስቦ ነበር። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ ቆሎው ቀርቧል። አቦሉ ሲቀዳ ሦስት የልጅ ልጆች ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ቶናው ሲቀዳ ሁለቱ የሉም። በረካው ላይ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ፀጉራችን የሸበተ ብቻ ሆንን።

«የት ገቡ?» አልኩ።

«ዲኤስቲቪ ቤት ነዋ!» አሉ እትዬ፣ ሲኒውን እያለቀለቁ። «አርሴናል የሚሉት ካለ እንኳን ቡና፣ ሠርግም ቢሆን ጥለው ይሄዳሉ።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ጋዜጣ ላይ ትጽፋለህ። እስቲ ንገረኝ፤ ሰው ይኼን ኳስ የሚሰለቸው መቼ ነው? ሁሉም ነገር ወረት አለው። ይኼ ብቻ ወረት የለውም?»

ሳቄ መጣ። የሳቅኩት በጥያቄያቸው አልነበረም። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ አሜሪካ ቨርጂኒያ የምትኖረው ልጄ ደውላ የዚህን ተቃራኒ ስለጠየቀችኝ ነው።

የእሷ ልጅ 13 ዓመቱ ነው። የአሜሪካ እግር ኳስ ካልተጫወትኩ ብሎ ቤቱን አውኮታል። እናቱ ግጭቱን ትፈራለች። አባቱ ደግሞ፣ «ተዪው፣ ጨዋታው ራሱ እየሞተ ነው። ሰው ማየት ትቷል። እሱ እስኪያድግ ያልቅለታል» ይላታል። «አባዬ፣ እውነት ነው? እስቲ አንተ አንብበህ ንገረኝ» አለችኝ።

እንግዲህ አንዱ ቤት ተመልካቹ በዛ ብሎ ይማረራል፤ ሌላው ቤት ተመልካቹ ባለቀ ብሎ ይጠብቃል። ሁለቱም ግን የሚጠይቁት ስለ ኳስ አልነበረም። ስለ ልጃቸው ነበር።

በመጀመሪያ የልጄን ጥያቄ ልመልስ። የአሜሪካ እግር ኳስ የሚሉት ከስሙ በቀር ከእኛው ኳስ ጋር እምብዛም አይገናኝም። ኳሱ ሞላላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚያዘው በእጅ ነው። ከየቡድኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ሁሉም ራሳቸው ላይ የብረት ፍርግርግ ያለው ቆብ፣ ትከሻቸው ላይ መከላከያ ያደርጋሉ። ኳስ የያዘውን ሰው ተጋጭቶ መሬት ላይ መጣል የጨዋታው ዋና ሥራ ነው። ሰዓቱ 60 ደቂቃ ይባል እንጂ በማቋረጥና በማስታወቂያ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ኳሱ በእርግጥ የሚንቀሳቀሰው 11 ደቂቃ ያህል ብቻ መሆኑን ሰዓት ይዘው የቆጠሩ ጋዜጠኞች ጽፈዋል።

አማቼ የሚለው ነገር አንድ ጊዜ እውነት ነበር። የባለሙያዎቹ ሊግ ኤን.ኤፍ.ኤል. ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2015 አንዱን ጨዋታ በአማካይ 18 ሚሊዮን ያህል ሰው በቴሌቪዥን ያየው ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 16.5 ሚሊዮን፣ በ2017 ደግሞ ወደ 15 ሚሊዮን ወረደ። ምክንያቱ ብዙ ነበር። 2016 የምርጫ ዓመት ስለነበር የሰው ዓይን ክርክሩ ላይ ነበር። ኮሊን ኬፐርኒክ የተባለው ተጫዋች የፖሊስን ግፍ ለመቃወም ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር መንበርከክ ጀመረ፤ አገሩም በዚህ ለሁለት ተከፈለ። ወጣቱ ደግሞ በየወሩ የሚከፈልበትን የኬብል ቴሌቪዥን እየተወ ወደ ስልኩ ዞረ። በዚያን ጊዜ «ይኼ ጨዋታ አበቃለት» ያላለ አልነበረም።

ግን አላበቃለትም። ከ2018 ጀምሮ ተመልካቹ መመለስ ያዘ፤ በ2023 እንደገና ወደ 18 ሚሊዮን ተጠጋ። በዚያ ዓመት በመላው አሜሪካ ብዙ ሰው ካያቸው 100 የቴሌቪዥን ስርጭቶች ውስጥ 93ቱ የዚሁ ሊግ ጨዋታዎች ነበሩ። ሱፐር ቦውል የሚሉትን የ2025 የዋንጫ ጨዋታ 127.7 ሚሊዮን ሰው አየው፤ የአገራችንን ሕዝብ የሚያህል ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር የሚጀመረው ከሌሊቱ 8፡30 ላይ ስለሆነ እኛ ተኝተን ነው የሚያልቀው።

ተመልካቹ ምን መለሰው? አንዱ ነገር የአቆጣጠሩ መስፋት ነው። ዛሬ በመጠጥ ቤትና በዘመድ ቤት ሆኖ የሚያየውም ይቆጠራል። ሌላው ግን ልቤን የነካው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ እያንዳንዱ ግዛት የስፖርት ውርርድን መፍቀድ እንዲችል በር ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታውን ለማየት ሶፋው ላይ የሚቀመጠው ሰው ብዙ ጊዜ ስልኩ ላይ ገንዘቡን አስይዞ ነው የሚቀመጠው። ገንዘቡን ያስያዘ ሰው ደግሞ፣ ጨዋታው ቢያሰለችም ቴሌቪዥኑን አይዘጋም።

ስለዚህ አማቼ ተሳስቷል። ተመልካቹ አላለቀም። በሌላ በኩል ግን የቀነሰ ነገር አለ፤ እሱም የሚጫወተው ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008/09 የትምህርት ዘመን በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይህን ጨዋታ የሚጫወቱ ልጆች ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ 1 ሚሊዮን ወርደው ተገኙ። ጭንቅላት በተደጋጋሚ ሲመታ ውሎ አድሮ አንጎልን የሚጎዳ በሽታ እንደሚያመጣ ሐኪሞች በግልጽ መናገር ጀምረው ነበር። በ2012 ጁኒየር ሴው የተባለው ዝነኛ ተጫዋች ራሱን አጠፋ፤ አንጎሉ ሲመረመርም በሽታው ተገኘበት። በ2017 ደግሞ ቤተሰቦች ለምርምር ከሰጧቸው 111 የሟች የሊጉ ተጫዋቾች አንጎሎች ውስጥ በ110ሩ ላይ መገኘቱ ታወቀ። ቤተሰብ አንጎሉን ለምርምር የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ሰውየው ከመሞቱ በፊት ችግር ሲያይበት ስለሆነ፣ ተጫዋች ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ለአንዲት እናት ግን ይህን ያህል መስማት ይበቃታል።

ነገሩን ተመልከቱት። የሰው ልጅ ሲጋጭ ለማየት የሚቀመጠው ቁጥሩ አልቀነሰም። የራሱን ልጅ ለማጋጨት የሚፈቅደው ግን ቀነሰ። ይህን የወሰኑት ደግሞ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች አይደሉም፤ ቤት ውስጥ ያሉ እናትና አባት ናቸው።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እንግዲያስ እኛም እንደዚያው ነን» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም ነበር።

እኔና ጋሼ ልጆች ሳለን፣ ለገና እህሉ ከተነሣበት ማሳ ላይ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዘን ሩር እንመታ ነበር። የላይ ሰፈር ከታች ሰፈር ይገጥማል። በገና ጨዋታ ጌታ እንኳ አይቆጣም እየተባለ፣ ሎሌው ጌታውን እግሩን ቢመታውም ይስቃሉ እንጂ አይጣሉም። ተመልካቹስ ማን ነበር? አባቶቻችን ነበሩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ከማሳው ዳር ይቀመጡና ማን እንደሮጠ፣ ማን እንደፈራ፣ ማን እንዳጭበረበረ ያያሉ። ማታ እሳት ዳር ስንቀመጥ ያን ሁሉ ይነግሩናል። አባቴ ስለ ጠባዬ ከነገሩኝ ውስጥ ትልቁን የነገሩኝ ከእንዲህ ዓይነት ጨዋታ በኋላ ነው።

ከዚያ ራዲዮ መጣ። በ1980 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አገራችን አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ ስትወስድ፣ ሲሪንቃ ላይ አንድ ራዲዮ ከብበን የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ስንሰማ ነበር። ኳሱን ያየ ማንም አልነበረም፤ ግን ሽማግሌውም፣ ሴቱም፣ ሕፃኑም አብሮ ዘለለ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ፣ ያን ቀን ቤቱ የቀረ ሰው አላስታውስም።

በ2009 ዓ.ም. ጥር ላይ ወልዲያ ስታዲየሟ ተመረቀ። 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ፣ በሼህ ሙሐመድ አላሙዲ ስም የተሰየመ ነው። ወልዲያ ከተማም ያኔ በፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ ነበረች። ቅዱስ ጊዮርጊስን በራዲዮ ብቻ የሚያውቅ የሲሪንቃ ሰው፣ በሚኒባስ ሄዶ በዓይኑ የሚያይበት ዘመን ሆነ። ጋሼ ኳስ ወዳድ አልነበሩም። ግን የያኔውን የ8 ዓመት የልጅ ልጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሄደዋል። «ኳሱን አላየሁም፤ የልጁን እግር ስይዝ ነው የዋልኩት። ጎል ሲገባ ደረቴን በተረከዙ ይደልቀው ነበር» ይሉኛል እስከ ዛሬ።

ዘመኑ ግን አልቆየም። በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ወልዲያ ከመቐለ ከተማ ጋር ልትጫወት ስትል ሁከት ተነሣ፤ ጨዋታው ሳይካሄድ ቀረ። በብዙ ሜዳዎችም የደጋፊዎች ድንጋይ መወራወር የተለመደ ሆኖ ነበር። ጋሼ ያን ጊዜ «ከእንግዲህ ልጅ ይዤ ስታዲየም አልሄድም» አሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? እኔም ብሆን ያንኑ እል ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ወልዲያም ከሊጉ ወረደች።

ከዚያ በኋላ የአገራችን ኳስ ከእኛ እየራቀ ሄደ። ኮሮና መጣና በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በየክለቡ ሜዳ መካሄዳቸው ቀርቶ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች በዙር ይደረጉ ጀመር። ጨዋታው በዲኤስቲቪ መተላለፉ ትልቅ ነገር ነበር። ግን በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ከጨዋታዎቹ አንዱም ጎንደር ላይ አልተደረገም። የጎንደር አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ማየት የሚገባውን በስክሪን አየ። እኛ ሰፈር ደግሞ ወዲያው ጦርነቱ ደረሰ፤ ስለዚያ ዛሬ አላነሣም።

ብሔራዊ ቡድናችንም ቢሆን፣ ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት አላሟሉም ተብሎ «በሜዳው» የሚያደርገውን ጨዋታ በሰው አገር ማድረግ ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን አዲስ አበባ ላይ 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ ስታዲየሙ ጢም ብሎ ነበር። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ግን ሜዳው ማላዊ ነበር። ያን የመሰለ ድል ለልጁ «እኔ እዚያ ነበርኩ» ብሎ የሚነግር አባት ከእኛ መሐል ስንት ይገኝ ይሆን?

ጋሼ «እኛም እንደዚያው ነን» ያሉት ይኼን ነበር። የአሜሪካ እናት ፈርታ ልጇን ከሜዳ አወጣች። እኛ ፈርተን ራሳችንን ከልጁ አጠገብ አወጣን። ልጁ ግን ኳስ ማየት አልተወም። ብቻውን ማየት ጀመረ እንጂ።

ብቻውን ሲያይ ምን እንደሚመጣ የነገሩኝም በዚያው ቅዳሜ ነው። ያ ትከሻቸው ላይ የነበረው ልጅ ዛሬ 17 ዓመቱ ነው። በኅዳር እትዬ ለደብተሩና ለልብሱ ብለው አንዲት ፍየል መርሳ ገበያ አሸጡ። ብሩን ከነጋዴው ተቀብሎ እንዲያመጣ የተላከው እሱ ነበር። ባዶ እጁን መጣ። መጀመሪያ «ሌባ ሰረቀኝ» አለ። ኋላ እንደታወቀው ግን፣ ዕድሜው ስላልደረሰ በጓደኛው እጅ የውርርድ ትኬት አስቆርጦበት ኖሯል። ስምንት ጨዋታ ገመተ፤ ሰባቱ ያዘለት። ስምንተኛው ላይ ሁሉም ሄደ።

እዚህ ላይ በእሱ ብቻ አንፈርድም። የገዛ አገራችን ሊግ ለጥቂት ዓመታት የውርርድ ድርጅት ስም ተሸክሞ ነበር። ልጆቻችን የሚለብሷቸውን የእንግሊዝ ማሊያዎች ደረት አንብቡ፤ የውርርድ ድርጅት ስም የታተመበት አታጡም። ልጁ ኳስና ቁማር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማን ነገረው?

እትዬ አለቀሱ። አጎቶቹ ይገረፍ አሉ። ጋሼ ሦስት ቀን ሳይናገሩ ቆዩና፣ በአራተኛው ቀን ጋቢያቸውን ለብሰው ዱላቸውን ይዘው ዲኤስቲቪ ቤት ሄዱ። እንደማንኛውም ሰው የመግቢያውን ከፍለው ገቡ። አግዳሚው ላይ ልጁ አጠገብ ሲቀመጡ ልጁ ክው ብሎ ቀረ።

«አባባ፣ ምን ሊያደርጉ መጡ?» አላቸው በሹክሹክታ።

«ፍየሌ የት እንደገባች ላይ ነው የመጣሁ» አሉት።

ልጁ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ግን ሌላ ነገር አልጨመሩም። ጥቂት ቆይተው፣ «ያ ሰውዬ ዳር ላይ ጨርቅ የሚያነሣው ምን አጥፍተው ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጁ ስለ ኦፍሳይድ አስረዳቸው። አልገባቸውም። እንደገና አስረዳቸው፤ በአራት ሲኒ ክዳን እየደረደረ። ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው መብራት ጠፋ። ቤቱ ሙሉ ጮኸ፤ ሰውም እየተንጫጫ ወጣ። ሁለቱ በጨለማ ወደ ቤት ሲሄዱ ልጁ ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ። ከፍየሏ ብር ሌላ ከጓደኛው 600 ብር ተበድሮ ኖሯል። የፈራው ግርፊያውን ሳይሆን ያን ጓደኛውን ነበር። ዕዳው ቤት ውስጥ የታወቀው በዚያ መንገድ ላይ ነው። ጋሼ ከፈሉለት፤ እሱም በክረምት የቀን ሥራ ሠርቶ ሊመልስ ቃል ገባ።

ልጁ ከዚያ ወዲህ ትኬት አስቆርጦ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «አልምልለትም» አሉኝ። «ብቻ ካስቆረጠ ይነግረኛል ብዬ አስባለሁ። ድሮ አይነግረኝም ነበር።»

ይህን ተናግረው በረካውን ጨለጡና ብድግ አሉ። «ተነሥ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ይደርሰናል።»

ሄድን። ጭቃ ቤት ነው፤ አንድ ስክሪን፣ አንድ ዲሽ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አግዳሚ። አሜሪካ ውስጥ መጠጥ ቤት ሆኖ የሚያየው እንኳ ይቆጠራል ብያችኋለሁ። እዚህ ግን ለዲኤስቲቪ መዝገብ ያ ቤት ሙሉው አንድ ደንበኛ ነው። እኔ ቆጠርኩ። ሰማንያ ያህል ሰው ነበር። ከሰማንያው ውስጥ ሽበት ያለን ጋሼና እኔ ብቻ ነበርን። ሌሎቹ ወንዶች ልጆችና ጎረምሶች ናቸው። አባት የለም፤ እናትማ ጭራሽ። ብዙዎቹ አንድ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ፣ ሌላው ስልካቸው ላይ ነበር። ያ ሁሉ ልጅ የሰማንያ ቤት ልጅ ነው፤ ሰማንያው ቤት ውስጥ ደግሞ በዚያው ሰዓት ቡና እየተጠጣ «እነዚህ ልጆች የት ገቡ?» ይባላል።

እንግዲህ ለጋሼ ጥያቄ መልሴ ይኼ ነው። ኳስ ተመልካች አያጣም። ሲቀንስም ይመለሳል፤ የአሜሪካውም ተመልሷል። የእኛም ሜዳዎች አንድ ቀን ይሞላሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የ17 ዓመቱ ልጅ ግን ተመልሶ 8 ዓመት አይሆንም።

ከእናንተ መካከል «ኳስ አልወድም፣ አይገባኝም» የምትሉ ወላጆች ትኖራላችሁ። አለመግባቱ እንዲያውም ጥሩ ነው። ልጅ ከወላጁ የበለጠ የሚያውቀው ነገር ሲያገኝና ሲጠየቅ ምላሱ ይፈታል። በወር አንድ ጊዜ አጠገቡ ተቀምጣችሁ «ይኼ ለምን ሆነ?» ብትሉት ይበቃል። ስለ ውርርድም ሳይጠፋ በፊት አንሡበት፤ ፍየሏ ከሄደች በኋላ አይደለም። ሰባት ይዞ በስምንተኛው የሚወድቀው በዕድል ማጣት እንዳልሆነ፣ ጨዋታ በበዛ ቁጥር ማሸነፍ እየራቀ እንደሚሄድ፣ ቤቱ ከስሮ የማያውቀውም ለዚህ እንደሆነ አብራችሁ በወረቀት ላይ አስሉት። የሒሳብ አስተማሪ መሆን አያስፈልግም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በሰፈራችሁ ሜዳ ልጆች የጨርቅም ይሁን የላስቲክ ኳስ ሲያራግጡ ካያችሁ ቆም በሉ። አሥር ደቂቃ የሚቆም አባት ለእነሱ ሙሉ ስታዲየም ነው።

ለልጄም ከሲሪንቃ እንደተመለስኩ ደወልኩላት። ጨዋታው እየሞተ እንዳልሆነ ነገርኳት። ስለ ጭንቅላቱ ያላት ስጋት ግን ትክክል ነው፤ በዚህ አትለሳለስ። እዚያው አገር ሳይጋጩ የሚጫወቱት ዓይነት አለ። ወገባቸው ላይ ጨርቅ ያንጠለጥላሉ፤ ኳስ የያዘውን መጣል ሳይሆን ጨርቁን መንጠቅ ነው። ይኼኛው በ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክም ውስጥ ገብቷል። «ልጁን በዚህ አግባቢው» አልኳት። «ግን አንድ ነገር አለ፤ ሲጫወት ከሜዳው ዳር ከእናንተ አንዳችሁ ቁሙ።»

ዝም አለች። ቀጥላ፣ «አባዬ፣ ቅዳሜ እኮ ሁለታችንም ሥራ ነን» አለችኝ። እዚያ ያለውን ኑሮ ስለማውቅ ልከራከራት አልቻልኩም። ከሦስት ቀን በኋላ ግን መልእክት ላከች። ባሏ በወር ሁለት ቅዳሜ ፈረቃ ሊቀይር አለቃውን ጠይቆ ነበር፤ የተፈቀደለት አንዱን ነው። አንዱም ቢሆን መጀመሪያ ነው።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ጋሼ ራሳቸው ደወሉ። የከብቱን፣ የማሽላውን፣ የእትዬን ጉልበት ሁሉ ነግረውኝ ሲያበቁ፣ «ለመሆኑ የትናንቱን አየኸው?» አሉኝ።

«የምኑን ጋሼ?»

«የአርሴናልን ነዋ!»

አላየሁም አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ አዲስ አበባ ተቀምጠህ ምን ስትሠራ ነው የምትውል?» ብለው ስልኩን ለልጁ ሰጡት፤ እሱ ያስረዳኝ ጀመር።